ከልብ የማይጠፋ ክፉ ገጸ ባሕርይ እንዴት ይፈጠራል?

(የሥነ ጽሑፍ ትምህርት)

ባለፈው የትምህርት ወቅት ማብቂያ ላይ በማታው ክፍል ለሚማሩ ተማሪዎቻችን አንድ የቤት ሥራ ሰጥተን ነበር። ሥራው አንድ ክፉ ሰው ያለበት አጭር ልብ ወለድ ጽፎ ማምጣት ነው። ደብተሮቹን ሰብስበን ስናነብ ያገኘነው ክፉ ሰው ግን ከሞላ ጎደል አንድ ዓይነት ሆነብን። ዓይኑ ደም የለበሰ፣ ፊቱ ጠባሳ ያለበት፣ ያለ ምክንያት የሚስቅና ያለ ምክንያት የሚገድል ነው። በማግስቱ የትኛው ክፉ የየትኛው ተማሪ እንደሆነ ለመለየት እንኳ አቃተን።

ከሁሉም የተለየ አንድ ደብተር ነበር። በዚያ ድርሰት ውስጥ ክፉው ሰው የሚጠራው በስሙ ሳይሆን በብሔረሰቡ ነው። ጸሐፊው ተማሪ ድርሰቱን ለክፍሉ ሲያነብ፣ ከኋላ የተቀመጠ የዚያው ብሔረሰብ ልጅ አንገቱን ደፍቶ ሲሰማ ቆየና ደብተሩን ይዞ ወጣ። ሦስት ቀንም ከትምህርት ቤት ቀረ። እኛም በዚያች ሰዓት ምን ማለት እንደሚገባን አላወቅንምና ዝም አልን። ዝም ማለታችን ስሕተት እንደነበረ የገባን ዘግይቶ ነው። ይህ ጽሑፍ ያን ዕለት ልንሰጠው ይገባን የነበረው ትምህርት ነው።

አያ ጅቦና ልብ ወለድ

በሥነ ጽሑፍ ትምህርት የዋናውን ገጸ ባሕርይ መንገድ የሚዘጋ፣ የሚያሳድድ ወይም የሚያጠፋ ሰው እኩይ ገጸ ባሕርይ ይባላል። እርሱ ከሌለ ግጭት የለም፤ ግጭት ከሌለ ደግሞ ታሪኩ አይንቀሳቀስም። ይህን ሁላችንም ከልጅነታችን ጀምሮ እናውቀዋለን። በእሳት ዙሪያ ተቀምጠን ተረት ስንሰማ አያ ጅቦ ነበረ። አያ ጅቦ ሆዳም ነው፤ ሞኝም ነው። ለምን ሆዳም እንደሆነ ማንም አይጠይቅም። ተረቱ አጭር ስለሆነና ትምህርቱም ግልጽ ስለሆነ ጅብ መሆኑ ብቻ ይበቃል።

ልብ ወለድ ግን የሰው ታሪክ ነው። በልብ ወለድ ውስጥ ሰውን እንደ አያ ጅቦ ብንስለው አንባቢ ለጥቂት ጊዜ ይፈራል ወይም ይስቃል፤ መጽሐፉን ሲዘጋም ይረሳዋል። እንግዲያው አንዳንድ ክፉ ሰዎች መጽሐፉ ከተዘጋ ከብዙ ዓመት በኋላ እንኳ ከሐሳባችን የማይወጡት ለምንድን ነው? በሦስት ምሳሌዎች እንየው።

1ኛ. ራሱን እንደ ትክክለኛ ሰው ይቆጥራል

የክቡር ዶክተር ሐዲስ ዓለማየሁ «ፍቅር እስከ መቃብር» በ1958 ዓ.ም. ታትሞ ከወጣ ወዲህ ብዙዎቻችን ወይ አንብበነዋል፣ ወይ ወጋየሁ ንጋቱ በራዲዮ ሲተርከው ሰምተነዋል። በዚህ መጽሐፍ ውስጥ የበዛብህንና የሰብለ ወንጌልን ፍቅር የሚያደናቅፈው ሰው ፊታውራሪ መሸሻ ነው። ሆኖም ፊታውራሪ መሸሻ ሽፍታ አይደለም። ባለ ትዳር፣ ባለ ርስት፣ በአካባቢው የሚከበር የቤት ጌታ ነው። ልጁን የሚጎዳት ስለሚጠላት አይደለም። ይወዳታል፤ ነገር ግን ሰውን የሚመዝነው በአጥንት፣ በዘር ሐረግ ነው። ለልጁ ሽማግሌ በላከ ሰው ሁሉ ላይ የትውልድ ጉድለት ስለሚያገኝበት ሰብለ ወንጌል የጋብቻ ዕድሜዋ እያለፈ ከቤት ትቀራለች። በመጨረሻ ልቧ የወደደው የድሀ ልጅ የሆነውን አስተማሪዋን በሆነ ጊዜ መከራው ይጀምራል።

ከባላገሮቹም ጋር ያለው ነገር እንዲሁ ነው። ከልማዱ ያለፈ ግብር ሲጠይቃቸው እየዘረፈ አይመስለውም፤ የሚገባውን የሚጠይቅ ይመስለዋል። እምቢ ሲሉት ሊያስገብራቸው ይዘምታል፤ ተሸንፎም ይማረካል። ሲማረክ እንኳ ክብሩን የሚያየው አባቶቹ በተከሉለት መስተዋት ነው።

እዚህ ላይ ልብ እንበል። ፊታውራሪ መሸሻ ማታ ሲተኛ «እኔ ክፉ ነኝ» አይልም። የቤተሰቡን ክብር የጠበቀ፣ የአባቶቹን ሥርዓት ያላፈረሰ ሰው ሆኖ ነው የሚተኛው። የማይረሳን በዚህ ምክንያት ነው። ሁላችንም በመንደራችን፣ ምናልባትም በቤታችን፣ እንዲህ ያለ ሰው አይተናልና። ደራሲው ራሳቸው በጣሊያን ወረራ ጊዜ ተማርከው ወደ ጣሊያን አገር ተግዘው ዓመታት በእስር አሳልፈዋል። ጭካኔን በወሬ ሳይሆን በዓይናቸው ያዩ ሰው ናቸው። ሆኖም ክፉውን ሰው ሲጽፉ ቀንድ አላበቀሉለትም፤ ቤት፣ ሚስት፣ ልጅና ኩራት ሰጡት።

2ኛ. ከሩቅ አይመጣም

ሁለተኛው ምሳሌያችን ከውጭ አገር ነው። እንግሊዛዊው ባለ ቅኔ ዊልያም ሼክስፒር ከ400 ዓመት በፊት የጻፈውን «ኦቴሎ» ጸጋዬ ገብረ መድኅን ወደ አማርኛ መልሶታል። ኦቴሎ የቬኒስን ጦር የሚመራ ጥቁር የጦር አለቃ ነው፤ ሚስቱ ዴዝዴሞና ትባላለች። በሥሩ የሚያገለግለው ኢያጎ የሚፈልገውን ሹመት ካሲዮ የተባለ ሌላ ሰው ስለተሰጠው ቂም ይይዛል።

ኢያጎ ሰይፍ መዞ ወደ አለቃው አይሄድም። የሚሠራው በሹክሹክታ ነው። ካሲዮን መጠጥ ጋብዞ ጠብ ውስጥ ያስገባውና ከሹመቱ ያስነሣዋል፤ ከዚያም መልሶ «ዴዝዴሞና ታማልድህ» ብሎ ይመክረዋል። ዴዝዴሞና በየዋህነቷ ለካሲዮ ስትለምን ኢያጎ ለኦቴሎ ጥቂት ይናገርና ዝም ይላል፤ የቀረውን ኦቴሎ ራሱ በልቡ እንዲጨርሰው ይተውለታል። በመጨረሻ አንድ መሐረብ ብቻ ማስረጃ ሆኖ ይቀርባል። ኦቴሎ ንጹሕ ሚስቱን በገዛ እጁ ይገድላል፤ እውነቱ ሲገለጥለትም ራሱን ያጠፋል።

በዚህ ሁሉ መካከል በጨዋታው ውስጥ ያሉት ሰዎች ስለ ኢያጎ ምን ይላሉ? ታማኝ ነው ይላሉ። ምክር ሲያስፈልጋቸው ወደ እርሱ ይሄዳሉ። ውሃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው እንደሚባለው ነው። አስፈሪነቱም እዚህ ላይ ነው፤ ጠባሳ ያለበትን ፊት አይተን ልንሸሽ እንችላለን፤ «ወንድሜ ሆይ፣ ላንተ ብዬ ነው» ከሚል ሰው ግን ወዴት እንሸሻለን? መጨረሻ ላይ ለምን ይህን እንዳደረገ ሲጠየቅ ኢያጎ ከእንግዲህ ቃል አልናገርም ይላል። ተመልካቹም ምክንያቱን በሙሉ ሳያገኝ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ በመንገድም ሲያስበው ይኖራል።

እዚህ ላይ ጀማሪ ጸሐፊ አንድ ነገር ይማራል። ክፉው ሰው ምክንያት ይኑረው ስንል ምክንያቱ ሁሉ ተዘርዝሮ ይነገር ማለታችን አይደለም። ጥቂት ቢተርፍ ለአንባቢው የቤት ሥራ ይሆነዋል።

3ኛ. ሌላ መንገድ ነበረው

ሦስተኛው ምሳሌ የዚሁ ደራሲ «ማክቤዝ» ነው፤ ይህንንም ጸጋዬ ወደ አማርኛ መልሶታል። ማክቤዝ በመጀመሪያ ክፉ ሰው አይደለም፤ ለንጉሡ የተዋጋ ጀግና ነው። ጠንቋዮች ትነግሣለህ ይሉታል፤ ሚስቱም ታደፋፍረዋለች። ንጉሡ ዱንካን በእንግድነት ወደ ቤቱ ይመጣል። ማክቤዝ እንግዳውን፣ ጌታውን፣ ዘመዱን እንደሚገድል ያውቃል፤ ያመነታል፤ ለማድረግ እንደማይገባውም ለራሱ ይናገራል። ከዚያ በኋላ ግን ያደርገዋል።

እንግዳ ክቡር በሆነበት አገር ላደግን ለእኛ ይህ ምን ያህል ከባድ ነውር እንደሆነ መናገር አያሻም። ከዚያች ሌሊት በኋላ ማክቤዝ እንቅልፍ ያጣል። አንዱን ግድያ ለመሸፈን ሌላውን ይጨምራል፤ ያስገደለው ወዳጁ በግብር ላይ ከወንበሩ ተቀምጦ ይታየዋል። ታሪኩን የማንረሳው ደም ስለፈሰሰበት ብቻ አይደለም። ያቺን ማመንታት ስላየን ነው። ክፋት የተወለደበት ነገር ሳይሆን የመረጠው ነገር እንደሆነ ስላየን፣ «እኔስ በዚያች ሌሊት ብሆን?» ብለን ራሳችንን ስለምንጠይቅ ነው።

ማወቅና ይቅር ማለት አንድ አይደሉም

ይህን ትምህርት ስንሰጥ አንዲት እናት ተማሪያችን እጃቸውን አንሥተው፣ «ቤቴን ያቃጠለብኝ ሰው ምክንያት ነበረው ልበል እንዴ?» ሲሉ ጠይቀውናል። ጥያቄው ተገቢ ነው። በዚህ መጠለያ ውስጥ ክፉ ሰው የመጽሐፍ ወሬ ያልሆነበት ብዙ ሰው አለ።

መልሳችን እንዲህ ነው። የክፉን ሰው ምክንያት ማወቅ ሥራውን ማጽደቅ አይደለም። በ«ፍቅር እስከ መቃብር» ውስጥ ያሉት ባላገሮች ፊታውራሪ መሸሻ ማን እንደሆነ፣ በምን እንደሚኮራ ከማንም በላይ ያውቃሉ፤ ቢሆንም ያላግባብ አንገብርም ብለው ተነሥተውበታል። ደራሲ ክፉውን ሰው ሙሉ ሰው አድርጎ ሲስለው በደሉ አይቀልም፤ እንዲያውም ይከብዳል። ጅብ ቢነክስ ጅብ ነውና አይከሰስም። ሰው ግን ላለማድረግ ይችል ነበርና ይጠየቃል።

ወደ ደብተሩ እንመለስ

አሁን ያ ድርሰት ምን እንደጎደለው መናገር እንችላለን። ክፉውን ሰው በብሔረሰቡ የጠራው ተማሪ ሦስቱንም ነገሮች አጥቷል። ክፉው ምክንያት የለውም፤ ከሩቅ የመጣ ነው፤ ምርጫም የለውም፤ ከእነዚያ ስለተወለደ ብቻ ክፉ ነው። ይህ ደግሞ የፊታውራሪ መሸሻ ሚዛን ነው። እርሱ ሰውን በአጥንቱ መዝኖ ዝቅ አደረገ፤ ተማሪያችንም ሰውን በአጥንቱ መዝኖ ክፉ አደረገ። በመጽሐፍ ውስጥ የምንጠላውን ሚዛን ሳናውቀው በእጃችን ይዘነው ነበር ማለት ነው። እንዲህ ያለ ድርሰት አብሮን ውሃ ለመቅዳት የተሰለፈውን ጎረቤታችንን ይጎዳል፤ በጽሑፍነቱም ደካማ ነው።

ለተማሪው ድርሰቱን እንዲቀድደው አላዘዝነውም። ሦስት ጥያቄ ብቻ ሰጠነው። ሰውየው ስሙ ማን ነው? ማታ ቤቱ ሲገባ ማን ይጠብቀዋል? መጥፎውን ነገር ላለማድረግ የቻለበት ቀን መቼ ነበር? ሁለት ሳምንት ቆይቶ አዲስ ድርሰት አመጣ። ክፉው ሰው በአንዲት ትንሽ ከተማ ሸማቾች ሱቅ ስኳር የሚመዝን ሰው ሆኗል። ልጁ ይታመምና ለመድኃኒት ብሎ ከአንዲት አሮጊት ስኳር ላይ ጥቂት ያጎድላል። ያን ዕለት እጁ ይንቀጠቀጣል። ልጁ ከዳነ በኋላም ግን ማጉደሉን አልተወም፤ እጁም መንቀጥቀጡን ትቷል።

ሲነበብ ክፍሉ ጸጥ አለ። ያ ሦስት ቀን ቀርቶ የነበረው ልጅ ተመልሶ ከቦታው ተቀምጦ ነበር። ንባቡ ሲያልቅ፣ «ይህን ሰውዬ አውቀዋለሁ፤ እኛም ሰፈር ነበረ» አለ። የየትኛው ብሔረሰብ ሰው እንደሆነ የጠየቀ አልነበረም።

ለጀማሪ ጸሐፊዎች በአጭሩ

ሀ. ለክፉው ገጸ ባሕርይ ስም፣ ሥራና ቤት ስጡት።
ለ. ራሱን የሚያጸድቅበትን ቃል በአፉ አኑሩለት። ቃሉ ሲሰሙት እውነት የሚመስል ይሁን።
ሐ. መልኩን በማጥቆርና ጠባሳ በመለጠፍ አትድከሙ፤ ሥራውን አሳዩ።
መ. መመለስ ይችል የነበረበትን አንድ ቀን ጻፉ።
ሠ. በዘሩ፣ በሃይማኖቱ ወይም በቋንቋው አትክሰሱት። የሚከሰሰው በሥራው ይሁን።

መልመጃ

1. ከምታውቁት ተረት አያ ጅቦ ያለበትን አንዱን መርጣችሁ፣ ታሪኩን ራሱ አያ ጅቦ እንደሚተርከው አድርጋችሁ በአንድ ገጽ ጻፉ።
2. ከፊታውራሪ መሸሻ፣ ከኢያጎና ከማክቤዝ የትኛው ይበልጥ ያስፈራችኋል? ምክንያታችሁን በአምስት ዓረፍተ ነገር ግለጹ።
3. በሕይወታችሁ አንድ ሰው የበደላችሁን ቀን አስቡ። ያን ቀን በበዳዩ ዓይን ጻፉት። ለማንም ማሳየት ግዴታ አይደለም።
4. እናንተ ራሳችሁ በሌላ ሰው ታሪክ ውስጥ ክፉው ገጸ ባሕርይ የሆናችሁበት ጊዜ አለ? ይህን በጽሑፍ ሳይሆን በልባችሁ መልሱ።

ከ1 እና ከ2 የሠራችሁትን ወደ ማታው ክፍል ብታመጡልን አብረን እናነበዋለን። ማንበብና መጻፍ የማይችሉ ጎረቤቶቻችሁም ተረታቸውን በቃል እየነገሯችሁ ብትጽፉላቸው ደስ ይለናል። በሚቀጥለው ትምህርታችን እስክንገናኝ ደኅና ሁኑ።