መኪና የማይገባባት የበረዶ ከተማ

ጥያቄ፦ ስዊዘርላንድ የምትኖር እህቴ በክረምታቸው ዘርማት ወደምትባል የበረዶ መንሸራተቻ ከተማ ልትወስደኝ አስባለች። መኪና አይገባም ትላለች። ሻንጣ ይዤ እንዴት እደርሳለሁ? ከፍታውስ አያመኝም? (ከዳንግላ)

መልስ፦ ከፍታው አያስጨንቅዎ። ዘርማት 1,600 ሜትር ገደማ ላይ ናት፤ ዳንግላ ከ2,100 ሜትር በላይ። ከደጋ ወደ ዝቅታ ይወርዳሉ ማለት ነው! አጠገቧ ያለው ማተርሆርን ተራራ እንኳ 4,478 ሜትር ነው፤ ራስ ዳሽን ይበልጠዋል። ጥርስ ባለው ሐዲድ በሚወጣው ባቡር ጎርነርግራት፣ 3,089 ሜትር ላይ ሲደርሱ ግን ቀስ ብለው ይራመዱ።

በመኪና የመጣ ሰው መኪናውን ቴሽ የምትባል መንደር አቁሞ 12 ደቂቃ ያህል በባቡር ይሄዳል። ከተማዋ ውስጥ ሻንጣዎን ትናንሽ የኤሌክትሪክ ታክሲዎች ይወስዱልዎታል። የፈረስ ጋሪም አለ፤ የፈረሰኞቹ የአዊ ሰው ነዎትና የፈረሱን ኮቴ ሲሰሙ ሆድዎ መባባቱ አይቀርም።

እኔን የሚያሳስበኝ ጫማዎ ነው። የተረገጠ በረዶ እንደ መስታወት ይለሰልሳል፤ ሶሉ ለስላሳ የሆነ ጫማ ይጥልዎታል። ሶሉ ጥርስ ያለው፣ ውኃ የማያስገባ ቦት ይግዙ። የጥጥ ካልሲ ከረጠበ እግር ያደነዝዛል፤ ሱፍ ያድርጉ። በረዶው ፀሐይ ስለሚያንጸባርቅ ጥቁር መነጽር ግድ ነው።

መንሸራተት ከፈለጉ ዕቃው ይከራያል፣ አስተማሪም አለ። ኢትዮጵያዊ አይችልም አይበሉ፤ ሮቤል ተክለማርያም እ.ኤ.አ. በ2006 ቱሪን ላይ በበረዶ ሸርተቴ ኢትዮጵያን ወክሎ ተወዳድሯል፤ በክረምት ኦሊምፒክ የመጀመሪያው ኢትዮጵያዊ ነው።

ስዊዘርላንድ ለመግባት ለሚያስፈልግዎ የሸንገን ቪዛ ቢያንስ 30,000 ዩሮ የሚሸፍን የጉዞ ሕክምና መድን ይጠየቃሉ። የበረዶ ስፖርትን ጭምር የሚሸፍን መሆኑን ከመፈረምዎ በፊት ያረጋግጡ።