የውድድር ስፖርትና የአካል ጤንነት

በሾዋክና በገዳሪፍ አካባቢ የሚገኘው ጥቁር አፈር በበጋ ደርቆ ይሰነጣጠቃል። በእንዲህ ያለው መሬት ላይ ኳስ ሲጫወት እግሩ ወለም ያለው ተማሪ ብዙውን ጊዜ ሁለት ቀን ያህል ካነከሰ በኋላ ወደ ጨዋታው ይመለሳል። ሕመሙ ስለ ቀነሰለት የዳነ ይመስለዋል። ነገር ግን አጥንትን ከአጥንት የሚያያይዘው ጅማት በሚገባ ሳይሽር እንደገና ሲወጠር ይላላል፤ ቁርጭምጭሚቱም በጥቂቱ በተሰናከለ ቁጥር ወለም ይላል።

ሳያርፉ መወዳደር የሚያስከትለው የጅማት ጉዳት በታላላቅ ሯጮችም ላይ ታይቷል። ኃይሌ ገብረ ሥላሴ በ1993 ዓ.ም. መስከረም ወር በሲድኒ ኦሊምፒክ በ10 ሺህ ሜትር ሲሰለፍ፣ የባትን ጡንቻ ከተረከዝ ጋር የሚያገናኘው ጅማቱ ይታመም ነበር። እርሱ ግን ሮጠ፤ ኬንያዊውን ፖል ቴርጋትን በ9 መቶኛ ሰከንድ ብቻ ቀድሞም የወርቅ ሜዳልያ አገኘ። ከዚያ በኋላ ቀዶ ሕክምና ተደረገለት። ይሁን እንጂ በ1996 ዓ.ም. በአቴንስ ኦሊምፒክ ሲሰለፍ ያው ዓይነት ሕመም አብሮት ነበር፤ ውድድሩንም አምስተኛ ሆኖ ፈጸመ። ሲድኒ ላይ ባይሮጥ ይሻለው ነበር ለማለት የሚደፍር ኢትዮጵያዊ ብዙ አይገኝም፤ እኛም አንደፍርም።

የጅማት ሕመም ቶሎ የማይለቀው ያለ ምክንያት አይደለም። ወደ ጡንቻ ብዙ ደም ሲደርስ፣ ወደ ጅማት የሚደርሰው ግን አነስተኛ ነው። ስለዚህ የተጎዳ ጡንቻ በሳምንታት ሊድን ሲችል ጅማት ወራትን ይፈልጋል።

እንግዲህ ሩጫ ራሱ ጎጂ ነውን? በ2009 ዓ.ም. የታተመ፣ ልዩ ልዩ ጥናቶችን አንድ ላይ የመረመረ ጽሑፍ ለዚህ ጥያቄ መልስ ይሰጣል። በጉልበትና በዳሌ መገጣጠሚያ የሚገኘው ለስላሳ ሽፋን የተበላባቸው ሰዎች ቁጥር፣ ከማይሮጡት መካከል ከመቶው 10 ያህል፣ ለውድድር ከሚሮጡት መካከል 13 ያህል ነበር። ለጤንነታቸው ሲሉ በመጠኑ ከሚሮጡት መካከል ግን 4 እንኳ አልሞላም።

ኃይሌ በኋላ ወደ ማራቶን ተሸጋገረ። በ2000 ዓ.ም. ነሐሴ ወር በተካሄደው የቤጂንግ ኦሊምፒክ ግን ማራቶኑን ለመሮጥ አልፈቀደም፤ የአስም ሕመም ስለ ነበረበት የከተማው የተበከለ አየር እንዳይጎዳው ሰግቶ በ10 ሺህ ሜትር ብቻ ተወዳደረ። አንድ ወር ያህል ቆይቶ፣ በመስከረም 2001 ዓ.ም.፣ በ35 ዓመት ዕድሜው የበርሊንን ማራቶን በ2 ሰዓት ከ3 ደቂቃ ከ59 ሰከንድ ፈጽሞ የራሱን የዓለም ክብረ ወሰን አሻሻለ።