እሳት ሳይነሣ ስለ መከላከል

እሳት ለሰው ታላቅ ረዳት ነው፤ ከሥርዓቱ የወጣ እንደ ሆነ ግን ጠላት ይሆናል። ብዙ ሰው የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት ሥራው የተነሣውን እሳት በውኃ ማጥፋት ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን የሚበልጠው ሥራ እሳቱ ሳይነሣ የሚሠራው ነው። ይህም በአሜሪካ አገር በኒው ዮርክ ከተማ ከደረሰው ነገር ይታወቃል።

እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1911 ዓ.ም. ማርች 25 ቀን፣ ይኸውም መጋቢት 16 ቀን 1903 ዓ.ም.፣ ባለ 10 ፎቅ በሆነ ሕንጻ ከነበረ የልብስ ስፌት ፋብሪካ እሳት ተነሣ። ፋብሪካው በላይኞቹ 3 ፎቆች ላይ ነበረ። በ9ኛው ፎቅ አንደኛው መውጫ በር ተቈልፎ ነበር፤ በውጭ ያለውም የብረት መሰላል ተሰብሮ ወደቀ። እሳት አጥፊዎች ፈጥነው ደረሱ፤ ዳሩ ግን መሰላላቸው ከ6ኛው ፎቅ አላለፈም። 146 ሰዎች ሞቱ፤ የሚበዙትም ወጣቶች ሴቶች ነበሩ። ማጥፋት ብቻውን እንደማይበቃ ስለ ታወቀ፣ ከዚያ በኋላ የእሳት መከላከያ ክፍል በሕግ ተቋቋመ።

የከተማው የእሳት አደጋ መሥሪያ ቤት የመከላከል ሥራው በ3 ይከፈላል።

1ኛ፤ መመርመር። ተቈጣጣሪዎች በየሕንጻው እየዞሩ መውጫው እንዳይቈለፍ፣ ደረጃውም በዕቃ እንዳይዘጋ ይመለከታሉ። ሕግ የተላለፈ ይቀጣል።

2ኛ፤ ምክንያቱን መፈለግ። ፋየር ማርሻል የሚባሉት መርማሪዎች እሳቱ ከጠፋ በኋላ ከየት እንደ ተነሣ ይመረምራሉ። ሰው ሆነ ብሎ ለኵሶት እንደ ሆነ ለዳኛ ይቀርባል፤ በቸልታ እንደ ሆነ ግን ነገሩ ለሌላው ማስተማሪያ ይሆናል።

3ኛ፤ ማስተማር። በትምህርት ቤትና በየሰፈሩ፣ ጢስ ሲነሣ የሚጮኽ መሣሪያ በቤት እንዲሰቀል፣ ቤተ ሰብም መውጫውን አስቀድሞ እንዲያውቅ፣ ከሚቃጠል ቤት የሚወጣም በሩን ከኋላው እንዲዘጋ ይመክራሉ።

ይህ የመጨረሻው ምክር ቀላል ይመስላል። ነገር ግን በዚያው ከተማ ጥር 1 ቀን 2014 ዓ.ም. ብሮንክስ በሚባለው ክፍል ከኤሌክትሪክ ማሞቂያ እሳት ተነሣ። ነበልባሉ ከአንድ ቤትና ከደጃፉ ብዙ አልራቀም። ራሱን ሊዘጋ የሚገባው መዝጊያ ግን ክፍት ስለ ቀረ፣ ጢሱ ወደ ላይኞቹ ፎቆች ወጣ። 17 ሰዎች ሞቱ፤ 8ቱ ሕፃናት ነበሩ። እንግዲህ በፊተኛው ዘመን የተቈለፈ በር ገደለ፤ በኋለኛው ዘመን የተከፈተ በር ገደለ። ስለዚህ በር ለሰው ይከፈት፣ ለጢስ ይዘጋ።

የገጠር መምህርና የአገር ሽማግሌም ይህን ሥራ ያለ ሹመት ሊሠሩት ይችላሉ። መምህሩ ተማሪዎች በክፍል ሳሉ በሩ እንዳይቈለፍ ይጠብቅ፤ ሕፃናቱንም ሳይጋፉ መውጣትን ያለማምዳቸው። ሽማግሌውም ኵራዝ ከሣር ክዳን እንዲርቅ፣ ምድጃም ሳይዳፈን እንዳይታደር ይምከር። ቤት የተቃጠለ እንደ ሆነ ሰውየውን ከመውቀስ ይልቅ ምክንያቱ ተመርምሮ ለጎረቤት ይነገር፤ ምክንያቱ ያልታወቀ እሳት ተመልሶ ይመጣልና።

ጥያቄ።
1. የእሳት መከላከል ሥራ በስንት ይከፈላል?
2. በር መቼ ይከፈታል? መቼስ ይዘጋል?
3. በቤታችሁ እሳት ሊነሣ የሚችለው ከየት ነው?