ብዙ እጆች ስለሚጽፉት የጨዋታ ዓለም፤ ስለ መዝገቡና ስለ ውሉ

በዛሬው ትምህርታችን የምንመለከተው በነጋዴዎቻችን ዘንድ ብዙ ያልተነገረለትን አንድ ሥራ ነው፤ ይኸውም የቪዲዮ ጨዋታ ድርሰት ነው። ጨዋታው ለብዙ ሰው የልጆች መዝናኛ ብቻ ይመስለዋል። ነገር ግን ለገበያ ከመቅረቡ አስቀድሞ ታሪኩን የሚደርሱ፣ አገሩን የሚነድፉ፣ ሥዕሉንና ድምፁን የሚያዘጋጁ ብዙ ባለሙያዎች ይደክሙበታል። ገንዘቡን የሚያወጣው ነጋዴም ትርፉ የሚገኘው ከእነዚህ ሰዎች አሳብ ስለ ሆነ፣ አሳቡ እንዴት እንደሚጻፍና የማን ሀብት እንደ ሆነ ሊያውቅ ይገባዋል።

የመጽሐፍ ደራሲ አንባቢውን ከመጀመሪያው ምዕራፍ እስከ መጨረሻው እየመራ ይወስደዋል። በጨዋታ ግን ተጫዋቹ መንገዱን ራሱ ይመርጣል፤ ወደ ገበያ ሂድ ቢሉት ወደ ጫካ ይሄዳል። ስለዚህ ደራሲው አንድ ታሪክ ብቻ ሳይሆን፣ ታሪኩ የሚፈጸምበትን ዓለም በሙሉ አስቀድሞ ማሰናዳት አለበት። ይህም ለአንድ ሰው እጅግ ሰፊ በመሆኑ በኅብረት ይሠራል።

እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1978 በእንግሊዝ አገር በኤሴክስ ዩኒቨርሲቲ ሮይ ትራብሾው ብዙ ሰዎች በአንድ ጊዜ የሚገቡበትን፣ በጽሑፍ ብቻ የተሠራውን «መድ» የተባለ ጨዋታ ጀመረ፤ ሪቻርድ ባርትልም አስፋፋው። በ1989 ደግሞ በአሜሪካ በካርኔጊ ሜለን ዩኒቨርሲቲ ጄምስ አስፕነስ ባወጣው «ታይኒመድ» ተጫዋቾቹ ራሳቸው ክፍሎችንና ዕቃዎችን እየጻፉ ዓለሙን ያሰፉ ጀመር። በዚህም ተጫዋቹ ራሱ ደራሲ ሆነ።

ብዙ ሰው አንድ ዓለም ሲጽፍ የመጀመሪያው ጠላት ቅራኔ ነው። ለምሳሌ አንዱ ጸሐፊ ወንዙ ከጥር እስከ ግንቦት ይደርቃል ብሎ ይጽፋል፤ ሌላው ይህን ሳያውቅ በመጋቢት በጀልባ የሚመጣ ነጋዴ ይፈጥራል። ተጫዋቹ ይህን ባየ ጊዜ የቀረውንም ሁሉ ይጠራጠራል። መድኀኒቱ አንድ የጋራ መዝገብ ነው፤ በውስጡም የሚከተሉት ይጻፉበታል።

1ኛ/ መልክአ ምድር፤ መንገዱ ከየት ወዴት እንደሚያደርስና የስንት ቀን ጉዞ እንደ ሆነ።

2ኛ/ ዘመን፤ እያንዳንዱ ነገር በየትኛው ዓመት እንደ ተፈጸመ።

3ኛ/ ሰዎች፤ ስማቸው፣ ዕድሜያቸው፣ ዝምድናቸውና አነጋገራቸው።

4ኛ/ ሕግና ገንዘብ፤ በዚያ ዓለም የሚቻለውና የማይቻለው፣ ገንዘብም ከየት ገብቶ በምን እንደሚወጣ። ይህ ካልተወሰነ በጨዋታው ውስጥም እንደ እውነተኛው ገበያ ዋጋ ይንራል።

በየመስመሩ የጻፈው ሰው ስም፣ ቀኑና የፈቀደው ኀላፊ ይመልከት። መዝገቡን የሚጠብቅ አንድ ሰው ይመረጥ፤ ጸሐፊዎች ባይስማሙ እርሱ ይወስን። የተለወጠውም አሳብ እንደ ሒሳብ ደብተር ምክንያቱ ተጽፎ ይሰረዝ እንጂ አይፋቅ። እንዲህ ያለው መዝገብ ለድርሰቱ ሥርዐት ይሆናል፤ ክርክር በተነሣ ጊዜ ደግሞ ማን ምን እንደ ሠራ ይመሰክራል።

ይሁን እንጂ መዝገብ ያለ ውል አይበቃም። ለዚህ ምሳሌ የሚሆነን «ዶታ» ነው። ብሊዛርድ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ በ2002 «ዋርክራፍት 3»ን ሲሸጥ፣ ተጫዋቾች የራሳቸውን ሜዳ የሚሠሩበትን መሣሪያ አብሮ ሰጠ። «ዩል» በሚል ስም የታወቀ ሰው በዚህ መሣሪያ ዶታን ሠራ፤ በ2004ም ሌሎች እንዲቀጥሉበት የሚፈቅድ አጭር ማስታወቂያ ጻፈ። ስቲቭ ፊክና «አይስፍሮግ» የተባለው ሰው እየተተካኩ አሰፉት፤ የሌሎች ብዙ ሰዎችም አሳብ ገባበት። በሁሉም መካከል ግን ድርሻን የሚለይ የጋራ ውል አልነበረም። ሥራው ከታወቀ በኋላ ቫልቭ የተባለው ኩባንያ «ዶታ 2»ን ለማውጣት ሲነሣ በስሙ ምክንያት ከብሊዛርድ ጋራ ተከራከረ፤ በ2012 በስምምነት ጨረሱ። ኋላም ሁለቱ ተባብረው ሌሎች ኩባንያዎችን በከሰሱ ጊዜ፣ የመጀመሪያው ሠሪ በዚያ ማስታወቂያ መብቱን ትቷል የሚል መከላከያ ቀረበባቸው። በ2017 የካሊፎርኒያ ፌዴራል ዳኛ ነገሩ ያለ ሙሉ ክርክር የሚቆረጥ አይደለም አሉ። እንግዲህ በቸልታ የተጻፉ ጥቂት መስመሮች ከ13 ዓመት በኋላ ታላላቅ ኩባንያዎችን በፍርድ ቤት አቆሙ ማለት ነው።

በአገራችንም ጉዳዩ ሕግ አለው። የቅጅና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 ለጽሑፍ፣ ለሥዕል፣ ለሙዚቃም ለኮምፒዩተር ፕሮግራምም ጥበቃ ይሰጣል። በአዋጁ መሠረት ብዙዎች በጋራ ያመነጩት ሥራ የጋራ ሀብታቸው ነው፤ ተቀጥሮ ወይም ታዞ የተሠራ ሥራ ግን ሌላ ስምምነት ከሌለ የኢኮኖሚ መብቱ የአሠሪው ይሆናል። ስለዚህ አንድ ጸሐፊ ተቀጣሪ ነው ወይስ ሸሪክ የሚለው ጥያቄ ከመጀመሪያው ገጽ አስቀድሞ መልስ ያሻዋል።

ውሉም ቢያንስ እነዚህን ይወስን፤ ትርፉ እንዴት እንደሚከፈል፤ ከማኅበሩ የሚወጣ ሰው የጻፈው ለማን እንደሚቀር፤ የጸሐፊው ስም የት እንደሚታይ፤ ተጫዋቾች የሚጨምሩት ነገር የማን እንደ ሆነ። ይህን ቀድሞ መነጋገር አለመተማመን አይደለም፤ ወዳጆችን ከክስ ያድናልና። አበው እንዳሉት፣ በቃል ያለ ይረሳል፤ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል።