«አልነሣ አለ»፤ የመኪና ብልሽትን በጽሑፍ ስለ ማስረዳት

አስረጂ ድርሰት አንድ ነገር ምን እንደ ሆነና እንዴት እንደሚሠራ የሚያብራራ ጽሑፍ መሆኑን ታውቃላችሁ። በዚህ ትምህርት ደግሞ አንድ ነገር ሥራውን ባቆመ ጊዜ ብልሽቱን ላላየው ሰው እንዴት ጽፋችሁ እንደምታስረዱ ትማራላችሁ።

ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አውራ ጎዳና፣ ሮቢት ላይ ያደረ አንድ አውቶሞቢል ጠዋት ሊነሣ አልቻለም እንበል። ባለቤቱ ከመቶ ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ደሴ ላለ ባለሙያ «መኪናው አልነሣ አለ» የሚል መልእክት ይልካል። ባለሙያው ምን ይዞ ይምጣ? ባትሪ? ሞተሪኖ? ወይስ የቁልፍ መመዝገቢያ መሣሪያ? መልእክቱ ይህን አይነግረውም። የተሳሳተ ዕቃ ይዞ ቢመጣ ደግሞ የዚያ ሁሉ መንገድ ድካምና ወጪ ከንቱ ይሆናል።

ሐረጉን መርምሩት። «አልነሣ» የአንደኛ መደብ ነጠላ ቍጥር አሉታ ነው፤ መኪናው በገዛ አፉ «አልነሣም» ያለ ያህል ሆኖ፣ «ም» ቀርቶ «አለ» ተጨምሮበታል። «በሩ አልከፈት አለ»፣ «እንጨቱ አልነድ አለ» የምንለውም እንዲሁ ነው። ለጨዋታ ያማረ አነጋገር ነው፤ ነገር ግን ሁለት የተለያዩ ሁኔታዎችን በአንድ ልብስ ይሸፍናል። አንደኛው፣ ቁልፉ ሲዞር ሞተሪኖው ሞተሩን ጨርሶ ሳያዞረው ሲቀር ነው፤ ይህ ብዙውን ጊዜ የባትሪ ወይም የሞተሪኖ ጉዳይ ነው። ሁለተኛው፣ ሞተሪኖው እያዞረው ሞተሩ በራሱ ኃይል መሥራት ሲያቅተው፣ ወይም ጀምሮ ወዲያው ሲጠፋ ነው፤ በዚህ ጊዜ ነዳጁ፣ ካንዴላው፣ ወይም ቁልፉ ይጠረጠራል። በአንዳንድ መኪኖች የስርቆት መከላከያው ሞተሪኖውንም እንደሚያግድ ግን አትዘንጉ።

ቁልፍ እንዴት ይጠረጠራል? በብዙ መኪኖች ቁልፍ የፕላስቲክ ራስ ውስጥ ትራንስፖንደር የምትባል፣ ከጣት ጥፍር የማትበልጥ ቺፕ አለች። የራሷ ባትሪ የላትም። በቁልፍ ማስገቢያው ዙሪያ የተጠቀለለ የመዳብ ሽቦ አብዛኛውን ጊዜ በ125 ኪሎ ኸርዝ የሚርገበገብ መግነጢሳዊ መስክ ይፈጥራል፤ ቺፗም ከዚያ ኃይል አግኝታ መለያ ኮዷን ትመልሳለች። ኮዱ በመኪናው ውስጥ ከተመዘገበው ጋር ከተስማማ ሞተሩ እንዲሠራ ይፈቀድለታል፤ ካልተስማማ ይከለከላል። የአውሮፓ ኅብረት አዳዲስ አውቶሞቢሎች ሁሉ እንዲህ ያለ ማገጃ እንዲኖራቸው ያስገደደው ከ1991 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1998) ጀምሮ ነው። ስለዚህ በብረቱ ብቻ ተመሳስሎ የተቀረጸ ቁልፍ በሩን ይከፍታል፣ ይዞራልም፤ ሞተሩን ግን አያሠራም። የቁልፉን አሮጌ ሽፋን በአዲስ ለውጠው ቺፗን ከአሮጌው ጋር የሚጥሉ ሰዎችም የሚደርስባቸው ይኸው ነው።

እንግዲህ የሚከተለውን መልእክት ከመጀመሪያው ጋር አነጻጽሩ።

«ዛሬ ጠዋት በ1 ሰዓት ሮቢት ላይ መኪናውን ለማስነሣት ሞከርሁ። ሞተሪኖው ሞተሩን በደንብ አዞረው፤ ሞተሩም ተነሥቶ፣ ሁለት ሰከንድ ያህል ሠርቶ ጠፋ። ሦስት ጊዜ ብደግመውም እንዲሁ ሆነ። ቁልፉ ገብቶ ሳለ በዳሽቦርዱ ላይ ያለችው የስርቆት መከላከያ መብራት ብልጭ ድርግም ማለቷን አላቆመችም። ሌሎቹን ቁልፎች ከቀለበቱ አውጥቼ ሞከርሁ፤ ለውጥ የለም። በሁለተኛው ቁልፍ ስሞክር ግን መብራቷ ጠፋች፤ ሞተሩም ተነሥቶ መሥራቱን ቀጠለ። የመጀመሪያው ቁልፍ ትናንት ወድቆ ራሱ ተሰንጥቋል፤ ቺፗ ወጥታ ሳትጠፋ አልቀረችም።»

ይህን ያነበበ ባለሙያ አዲስ ቺፕና መመዝገቢያ መሣሪያ ይዞ ይመጣል እንጂ ሞተሪኖ አይሸከምም። ጸሐፊው በአንድ ጊዜ አንድ ነገር ብቻ ለውጧል፦ መጀመሪያ ቀለበቱን፣ ቀጥሎ ቁልፉን። ሌላ ባለ ቺፕ ቁልፍ በአጠገብ መኖሩ ንባቡን ሊያውክ ስለሚችል የቀለበቱ ሙከራ ከንቱ አይደለም። ሁለተኛውም ቁልፍ ባይሠራ ኖሮ ጥርጣሬው ከቁልፉ ወደ መዳቡ ጥቅልል፣ ወደ ሽቦው፣ ወደ ፊውዙ ወይም ወደ መቆጣጠሪያው በዞረ ነበር። መብራቷ በደንብ ጠፍታ ሞተሩ ባይሠራ ደግሞ ቁልፉን መክሰስ ትቶ ነዳጁን መመርመር ይገባ ነበር።

አሁን ወደ ቋንቋው እንመለስ። «ተነሥቶ» እና «ሠርቶ» ቦዝ አንቀጾች ናቸው፤ የድርጊቱን ቅደም ተከተል ጠብቀው ማሰሪያ አንቀጹን «ጠፋ»ን ይጠብቃሉ። «ተነሥቶ» ቢቀር ሞተሩ ጨርሶ ያልተነሣ ሊመስል ይችላል። «ጠፋ» ራሱ በመልእክቱ ውስጥ ሦስት ትርጕም አለው፤ ሞተር ሲጠፋ መሥራቱን ያቆማል፣ መብራት ስትጠፋ ብርሃኗ ይቀራል፣ ቺፕ ስትጠፋ ያለችበት አይታወቅም። ባለቤቱን ሳይጠሩ «ጠፋ» ብቻ ብሎ መጻፍ ስለዚህ አደገኛ ነው። በመጨረሻም «ሳትጠፋ አልቀረችም» የሚለውን ተመልከቱ። ከዚያ በፊት ያለው ሁሉ የታየ ነው፤ ይህ ግን ግምት ነው፤ አነጋገሩም ግምት መሆኑን ያስታውቃል። «ቺፗ ጠፍታለች» ቢል ኖሮ ያላየውን እንዳየ አድርጎ በመሰከረ ነበር።

መልመጃ

ሀ. «ራዲዮው አልናገር አለ»፣ «ፓምፑ አልሠራ አለ» የሚሉትን እያንዳንዳቸውን ሁለት የተለያዩ ሁኔታዎች በሚገልጹ ዐረፍተ ነገሮች ተክታችሁ ጻፉ።

ለ. በቤታችሁ ወይም በአካባቢያችሁ የተበላሸ አንድ ዕቃ መርጣችሁ፣ ላላየው ጠጋኝ የሚላክ የአንድ አንቀጽ መልእክት ጻፉ። ግምታችሁን በያዘው ዐረፍተ ነገር ሥር አስምሩበት።