እጁንማ ማን ካደው

ሸዋ ሮቢት፣ የሽንኩርት መኪኖች ከሚጫኑበት መንገድ ዳር። ሻምበል ባሻው በደርግ ዘመን አስመራ፣ በሁለተኛው አብዮታዊ ሠራዊት ጽሕፈት ክፍል ያገለገሉ፣ ዛሬ ለሰው ማመልከቻ የሚጽፉ ሽማግሌ ናቸው። ልጅቱ የጎረቤታቸው ልጅ ናት። የመከላከያ አባል የነበረው ወንድሟ በ2013 ዓ.ም. የተሳፈረበት ኦራል ተገልብጦ ቀኝ እጁ አልታጠፍ ብሎ ቀርቷል።

ልጅቱ፦ ጋሼ፣ የወንድሜን ጥያቄ አልተቀበሉትም። ይግባኙን አንጀት በሚበላ ቃል ይጻፉልኝ። እናታችን እንዴት እንደምትቸገር አንድም ሳይቀር።

ባሻ፦ እናትሽን ለጊዜው ተያት። ደብዳቤውን ወዲህ በይ። «ጉዳቱ በሥራ ላይ የደረሰ ስለመሆኑ ማስረጃ ባለመቅረቡ» ይላል። አየሽ፣ እጁን የካደ የለም። የሕክምና ቦርዱ 30 በመቶ ጉዳት ብሎ ፈርሞበታል። የጎደለው እጁን ከሥራው ጋር የሚያያይዘው ወረቀት ነው። ይግባኙም እሱን ብቻ ይመልሳል።

ልጅቱ፦ ወታደር ከሥራ ውጭ የሚሆነው መቼ ነው ደግሞ?

ባሻ፦ ይሆናል እንጂ! ፈቃድ ወጥቶ ሰርግ ቤት የወደቀ አለ፤ ሰክሮ የተጎዳ አለ፤ እንዲያሰናብቱት ብሎ ራሱን የጎዳም አይጠፋም። ሕጉ እነዚህን ለይቶ ያወጣቸዋል። በአንጻሩ መሥሪያ ቤቱ በመደበው መኪና ወደ ሥራው ሲሄድ ወይም ሲመለስ አደጋ የደረሰበት ሰው በሥራ ላይ እንደተጎዳ ይቆጠራል። አሁን ክፍሉ የጻፈለትን እይው፦ «በመኪና አደጋ ጉዳት ደርሶበታል»። አለቀ። የማን መኪና? ከየት ወዴት? በማን ትእዛዝ? ይህን ብቻ ይዞ የተቀመጠ ሠራተኛ ምን ብሎ ይወስን?

ልጅቱ፦ ታዲያ የጸሐፊው ስንፍና ለወንድሜ መትረፍ አለበት?

ባሻ፦ ግንባር ላይ ሆኖ የሚጽፍ ሰው ወረቀቱን ከዓመታት በኋላ ማን እንደሚያነበው አይታየውም። አሁን ወደዚያው ክፍል ተመልሶ የስምሪት ትእዛዙን ግልባጭ፣ የመኪናውን የጉዞ መዝገብና መጀመሪያ የገባበትን ሆስፒታል ካርድ ማስወጣት ነው። የካርዱ ቀን ከአደጋው ቀን ጋር ከገጠመ ግማሽ መንገድ ሄደሻል።

ልጅቱ፦ ቢፈቀድለትስ ምን ያህል ያገኛል?

ባሻ፦ ጉዳቱ የደረሰው በ2013 ስለሆነ የምናየው በ2003 ዓ.ም. የወጣውን የጡረታ አዋጅ 714 ነው። አዋጅ 1267 የመጣው በ2014 ነው፤ የአንዱን ስሌት ከሌላው ጋር የሚያደባልቅ ብዙ ሰው አይቻለሁ። ሙሉ በሙሉ መሥራት ላቃተው ሰው የደመወዙ 47 በመቶ በየወሩ ይከፈለዋል። ጉዳቱ ከ10 በመቶ ያላነሰ ሆኖ መሥራት ለሚችል ደግሞ የአንድ ጊዜ ዳረጎት አለው። ደመወዙ 4,000 ብር ነበር እንበል። 47 በመቶው 1,880 ነው። በ60 ወር አባዢው፣ 112,800። ከዚያ ላይ 30 በመቶውን ስትወስጂ 33,840 ብር ይሆናል።

ልጅቱ፦ ታዲያ 30ው ያንሳል ብዬም ልጨምርበት?

ባሻ፦ እሱ የሐኪም ክርክር ነው። እጁ ከዚህ የከፋ ነው የሚል ሐኪም ከሌለሽ አታንሺው። አንዱን የሚረታ ነገር ይዘሽ ሌላ የማትረቺውን ስትጨምሪበት የያዝሽውንም ያደክምብሻል።

ልጅቱ፦ እሺ፣ አቤቱታው የሚገባው የት ነው? ደብረ ብርሃን ፍርድ ቤት ነው ያሉኝ አሉ።

ባሻ፦ ከፍርድ ቤት አይጀመርም። የጡረታን ውሳኔ የሚያይ የማኅበራዊ ዋስትና ይግባኝ ሰሚ ጉባኤ አለ። ምን ተፈጠረ፣ መቼ፣ የት የሚለውን እሱ ከወሰነው የፍሬ ነገሩ ክርክር እዚያው ያበቃል። ከዚያ ወዲያ የሚቀረው የፌዴራል ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሰበር ሰሚ ችሎት ነው። ሰበር ግን መሠረታዊ የሕግ ስህተት ካልሆነ አይሰማሽም። ማስረጃሽን ለሰበር አቆያለሁ ያልሽ እንደሆነ ማንም አይቀበልሽም። ያለሽን ሁሉ ጉባኤው ፊት አፍስሺው። የይግባኙ ቀን እንዳያልፍብሽ ደግሞ ደብዳቤው የደረሰበትን ቀን ዛሬውኑ ጻፊ።

ልጅቱ፦ ክፍሉ «መዝገቡ ጠፍቷል» ቢለንስ? በዚያ ጦርነት ስንቱ ነገር ጠፋ።

ባሻ፦ ይጠፋል። በግንቦት 1983 ከአስመራ ስንወጣ በሱዳን በኩል በእግሩ የተሰደደው ወታደር ማኅደሩን ተሸክሞ አልሄደም። ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሠራዊት ተበትኖ ምን ያህሉ በእጁ ወረቀት ነበረው? ይህ እኛ ላይ ብቻ የደረሰ እንዳይመስልሽ። በአሜሪካ ሴንት ሉዊስ የወታደር ማኅደር ያለበት ሕንፃ በፈረንጆች 1973 ተቃጥሎ ከ16 እስከ 18 ሚሊዮን ማኅደር ወድሟል። እዚያ በወታደርነት ያገለገለው የእህቴ ልጅ እንደነገረኝ፣ የእነሱ ይግባኝ ቦርድ ሦስት ነገር ይጠይቃል፦ አሁን ያለ ጉዳት፣ በአገልግሎት ላይ የደረሰ ነገር፣ ሁለቱን የሚያገናኝ ማስረጃ። የሚፈለገው ወረቀት መንግሥት እጅ ላይ የጠፋ ከሆነ ቦርዱ ይበልጥ ተጠንቅቆ መመርመር አለበት። ማስረጃው በሁለቱም ወገን እኩል ከመዘነ ደግሞ ጥርጣሬው ለወታደሩ ያደላል። ይህን ስሰማ ቀናሁ ልበልሽ። መዝገቡን የያዘው ክፍሉ ሆኖ ሳለ «አምጣ» የሚባለው ወታደሩ መሆኑ ለእኔ እስከ ዛሬ አልተዋጠልኝም።

ልጅቱ፦ እኛስ ምን እናድርግ?

ባሻ፦ ጠፍቷል የሚለውንም ቃል በደብዳቤ፣ በማኅተም ይስጡሽ። በአፍ የተነገረሽ አይቆጠርም። ቀጥሎ ኦራሉ ላይ አብረውት የነበሩ ልጆች። እነማን ነበሩ?

ልጅቱ፦ አንዱ አጣዬ አለ፣ አንዱ ካራ ቆሬ። ሾፌሩ ግን ሞቷል።

ባሻ፦ ነፍስ ይማር። ሁለቱ ይበቃሉ፣ ግን ተማክረው አንድ ዓይነት ቃል እንዳይጽፉ። አንዱ ከኋላ ተቀምጦ ከሆነ ከኋላ ያየውን፣ ሌላው የሰማውን ሳይሆን ያየውን ብቻ። ቀኑን የማያስታውስ «አላስታውስም» ይበል። ተማክረው የጻፉት ምስክርነት ገና ሲነበብ ይታወቃል።

ልጅቱ፦ የአክስቴ ልጅም አለ ጋሼ፣ ሚሊሺያ ነበር። ኅዳር 2014 እዚሁ አካባቢ ተመቶ ያነክሳል። የእሱንም አብረን እናስገባ?

ባሻ፦ እሱን አብረሽ አታስገቢ። የወንድምሽ ጥያቄ የቆመው ደመወዝና የጡረታ መዋጮ ባለው አገልግሎት ላይ ነው። የሚሊሺያው ደሙ ያው ደም ነው፣ መንገዱ ግን በወረዳና በክልል አስተዳደር በኩል ነው፤ አንድ ማመልከቻ ላይ ካደረግሻቸው ሁለቱንም ታጓትቻለሽ። የእሱን ለብቻው ሌላ ቀን ይዘሽ ነይ። ይኸው፣ የወንድምሽ የመጀመሪያው መስመር፦ «ይግባኝ ባይ ጉዳት የደረሰበት በክፍሉ ትእዛዝ፣ በክፍሉ ተሽከርካሪ ወደ ምድቡ ሲጓዝ ነው»። ከዚህ በታች ያለውን የምጽፈው የስምሪቱን ግልባጭ ስታመጪልኝ ነው።