የኤሌክትሪክ ታክሲና የዋስትናው ሒሳብ

የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከላቸውን በ2016 ዓ.ም. ካስታወቀ ወዲህ፣ መኪና አስመጪዎቻችን ፊታቸውን ወደ ኤሌክትሪክ መኪና መልሰዋል። ምክንያቱም የተሰወረ አይደለም። ቤንዚንና ናፍጣ በውጭ ምንዛሪ ይገዛሉ፤ ከኤሌክትሪክ ኃይላችን ግን ከመቶ 90 እጅ የሚበልጠው ከገዛ ወንዞቻችን የሚገኝ ነው።

ይህ ለውጥ ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው ታክሲን ነው። 100 ኪሎ ሜትር ለመሄድ 8 ሊትር ቤንዚን የሚፈጅ ታክሲ ቢኖር፣ በመጠን የሚመስለው የኤሌክትሪክ ታክሲ ለዚያው መንገድ 15 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይበቃዋል። የቤንዚን ሞተር የነዳጁን ኃይል አብዛኛውን በሙቀት ሲያባክነው፣ የኤሌክትሪክ ሞተር የተቀበለውን አብዛኛውን ለጎማው ያደርሳል። ስለዚህ ታክሲው ብዙ በሠራ ቁጥር ቍጠባው እየበዛ ይሄዳል።

ነገር ግን ብዙ መሥራቱ ሌላም ሒሳብ ያስከትላል። ከመኪናው ዕቃዎች ሁሉ ዋጋው የከበደው ባትሪው ነው። ፋብሪካዎች ለባትሪ በብዛት የሚሰጡት ዋስትና 8 ዓመት ወይም 160,000 ኪሎ ሜትር፣ ከሁለቱ ቀድሞ እስከሚደርሰው ድረስ ነው። በቀን 150 ኪሎ ሜትር፣ በዓመት 300 ቀን የሚሠራ ታክሲ በዓመት 45,000 ኪሎ ሜትር ይሄዳል። እንግዲህ የ8 ዓመት የተባለው ዋስትና አራተኛው ዓመት ሳይፈጸም ያልቃል ማለት ነው። አንዳንዱ ውል ደግሞ መኪናው ለኪራይ ሥራ ከዋለ ዋስትናውን ያሳጥራል ወይም ጨርሶ ያስቀራል። ተበድሮ ታክሲ ለገዛ ሰው ይህ ቀላል ነገር አይደለም፤ ዕዳው ሳያልቅ ዋስትናው ሊያልቅበት ይችላልና።

ስለዚህ አስመጪው ውል ከመፈረሙ በፊት የሚከተሉትን ይመርምር።

1ኛ/ ዋስትናው ታክሲን የሚጨምር መሆኑን፣ በኢትዮጵያም የሚጸና መሆኑን በጽሑፍ ይቀበል። ለሌላ አገር ገበያ የተሠራ መኪና በሦስተኛ እጅ ሲገዛ ዋስትናው እዚህ ላይጸና ይችላል።

2ኛ/ የባትሪውን ዓይነት ይጠይቅ። የሊቲየም ብረት ፎስፌት ባትሪ ክብደት ቢኖረውም፣ ተደጋግሞ መሞላትን በመቻል ይታወቃል።

3ኛ/ የቻይናና የአውሮፓ መኪናዎች የባትሪ መሙያ ሶኬት አንድ አይደለምና፣ በከተማው ካሉት መሙያዎች ጋር የሚስማማውን ይምረጥ።

የመለዋወጫ ባለሱቆችም ዕቃቸውን ከወዲሁ ያመዛዝኑ። የኤሌክትሪክ መኪና የሞተር ዘይትም ካንዴላም አይፈልግም። ሞተሩ ፍጥነትን በመቀነስ ስለሚረዳ የፍሬን ሸራውም ረዘም ላለ ጊዜ ያገለግላል። ጎማ ግን ከባትሪው ክብደት የተነሣ ቶሎ ሊያልቅ ስለሚችል፣ ፈላጊው አይጠፋም።

ዋስትናውን ከፋብሪካው አስቀድሞ ያልጠየቀ ነጋዴ፣ ኋላ በደንበኛው ሲጠየቅ መልስ ያጣል።